የደጃፋችሁን ሊሾና ድንጋይ ከውርጭ እንዴት ትጠብቃላችሁ?

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ልብስ ያጠባችሁበት ሊሾ ጠዋት በስስ በረዶ ተሸፍኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሰው እንዳይንሸራተት ብላችሁ ጨው ልትበትኑ ታስቡ ይሆናል። እባካችሁ ተዉት።

ኮንክሪት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። እዚያ የገባ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ከውስጥ ይገፋል። ጨው በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ግን ጨዋማው ውሃ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቶሎም አይደርቅም። ሌሊት ተመልሶ ሲረጋ የሊሾው ፊት እንደ ቅርፊት ይላጣል። ፌሮ ካለበት ደግሞ ይባስ፦ ፌሮው ዝጎ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ማዳበሪያም አትበትኑ። የአሞኒየም ጨው ያለበት ሲሚንቶን ይበላል።

መጀመሪያ ውሃው የሚተኛበትን ቦታ ፈልጉ። እኩለ ቀን ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱና የት እንደሚቆም እዩ። ለ1 ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ይበቃል። ጎድጓዳውን በመሮ አሻክሩት፣ አርጥቡት፣ ከዚያ በ1 እጅ ሲሚንቶና በ3 እጅ አሸዋ ሙሉት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ዛሬውኑ አሠሩት። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይኼ ነው፤ ደረቅ ሊሾን ውርጭ ምንም አያደርገውም።

ድንጋዩን ደግሞ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ፈትኑት። ቶሎ ከጠቆረ ውሃ ይጠጣል ማለት ነው። ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ብዙም አያሳስብም፤ ነጣ ያለው ለስላሳው ግን ይጎዳል። ለሱም ለሊሾውም ሲላን ወይም ሲሎክሴን ያለበት ውሃ የማያስገባ ቅብ ጥሩ ነው፤ ላዩን ሳያፍን ውሃን ይመልሳል። የክረምቱ እርጥበት በደንብ ሲደርቅ፣ በፀሐይ ቀቡት። አዲስ ኮንክሪት ከሆነ 28 ቀን ጠብቁ። ቫርኒሽ ግን አይሁን፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል።

በረዶ ያደረ ቀን ደረቅ አሸዋ በትኑና ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቁ። ሙቅ ውሃ አትድፉ፤ ተመልሶ ይረጋል። ጨው በትናችሁ ከነበረ እኩለ ቀን ላይ በብዙ ውሃ እጠቡት፤ እስኪመሽ ይደርቃል።

አዲስ ሊሾ ማስፈሰስ የፈለገ ሰው ቢቻለው ውርጩ እስኪያልፍ ይቆይ። ካልተቻለ ጠዋት ይፈሰስ። ማታ ላስቲክ ይልበስ፣ በላዩ ወፍራም ጭድ ይደረብበት። ቢያንስ ለ7 ቀን በቀትር ውሃ ይጠጣ፤ ማታ ግን አይጠጣ።