ኔትወርክ በሌለበት ካርታ

ኪርጊዝስታን ውስጥ ወደ ሶንግ ኩል ሐይቅ በእግር የምትወጡ ከሆነ ኔትወርክ ላይ አትተማመኑ። ከ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ መንገድ የሚጠቁም እረኛም ሁሌ አይገኝም። ኮችኮር ከተማ ዋይፋይ ስታገኙ የአካባቢውን ካርታ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። ከዚያ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ጂፒኤሱን ግን አትዝጉ። ስልኩ ያላችሁበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት ስለሆነ ሲም ካርድ አያስፈልገውም። ኔትወርክ ፍለጋ ስለማይባዝንም ባትሪው ይቆያል። መጀመሪያ ላይ ቦታችሁን እስኪያገኝ ጥቂት ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል፤ ገላጣ ቦታ ቆማችሁ ጠብቁት።

ማታ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ። እዚያ በሐምሌም ይበርዳል፣ ብርድ ደግሞ የባትሪ ጠላት ነው።

ብቻ ካርታው ላይ መንገድ አየን ብላችሁ ወንዝ ውስጥ ዘው እንዳትሉ። በረዶ በሚቀልጥበት ወቅት ጠዋት በቀላሉ የሚሻገሩት ውሃ ከሰዓት በኋላ ሊሞላ ይችላል፤ ይህን ካርታው አያሳይም።