ቤቱ ሞቆ የመብራት ሂሳቡ ሲያሻቅብ፦ የሂት ፓምፕ ችግርና መፍትሄ

በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው ብዙ ታውንሃውሶችና ኮንዶዎች ቤቱን በብርዱ ወራት የሚያሞቀውም በሙቀቱ ወራት የሚያቀዘቅዘውም አንዱ ሂት ፓምፕ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ከውጭ ባለ ዩኒትና ከቤት ውስጥ ባለ፣ አየሩን በቤቱ በሚያሰራጭ ኤር ሃንድለር ስለተሠራው፣ በ240 ቮልት ስለሚሠራውና ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚለዋውጥ ክፍል) ስለሌለው የተለመደ ዓይነት ነው። የቴርሞስታቱ ባትሪ አለማለቁ፣ የውጩም የውስጡም ብሬከር አለመውረዱ፣ የፊልተሩም ንጽሕና አስቀድሞ እንደታየ እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ ቤቱ ይሞቃል፣ ሂሳቡ ግን እጥፍ ሆኗል

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ባሉት ወራት ከሁሉ አብዝቼ የማገኘው ብልሽት ይህ ነው፤ ከሁሉ ዘግይቶ የሚታወቀውም ይኸው ነው። ምክንያቱም ሂት ፓምፑ ሥራ ሲያቆም ቤቱ አይበርድም። በኤር ሃንድለሩ ውስጥ ሂት ስትሪፕ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚግሉ ሽቦዎች አሉ፤ የቤቱ ሙቀት ከተፈለገው ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ዝቅ ሲል ቴርሞስታቱ ኦክስ ሂት (ረዳት ማሞቂያ) ብሎ እነዚህን ሽቦዎች ያስነሣል። የተሰጣቸው ሥራ በጽኑ ብርድ ቀን ሂት ፓምፑን ማገዝ ነው። የውጩ ዩኒት ሲቆም ግን ሸክሙን ብቻቸውን ይሸከማሉ፣ የቤቱም ሰው የሂሳብ ወረቀት እስኪደርሰው ድረስ ምንም አያውቅም። 10 ኪሎዋት ስትሪፕ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ደኅና ሂት ፓምፕ ግን የውጩ አየር 47 ዲግሪ ፋራናይት በሆነበት ቀን ያንኑ ያህል ሙቀት ወደ ቤት ለማስገባት ሦስት ወይም አራት ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። በሙቀቱ ወራት ይህ ብልሽት ሊደበቅ አይችልም፤ ለማቀዝቀዝ የሚተካ ሌላ ነገር ስለሌለ ቤቱ በዚያው ቀን ይግላል።

ለማረጋገጥ ቴርሞስታቱን ሁለት ዲግሪ ከፍ ያድርጉና አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ሙቀት ተሸካሚውን ጋዝ (ሪፍሪጀራንት) የሚጨምቀውን ክፍል፣ ከመጎዳት ለመጠበቅ ይህን ያህል ያዘገዩታል። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥተው እጅዎን ከዩኒቱ በላይ ይዘርጉ። የሚወጣው አየር ከአካባቢው አየር በግልጽ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፣ ዩኒቱ ሙቀቱን ከውጭ አየር ወስዶ ወደ ቤት እየላከ ነውና። ፋኑ እየዞረ አየሩ ምንም ካልቀዘቀዘ በአብዛኛው ኮምፕረሰሩ አይሠራም ማለት ነው። ፋኑም ኮምፕረሰሩም ቆመው የሚያጉረመርም ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ ወይም ዩኒቱ ለጥቂት ሰከንድ ታግሎ ዝም ካለና ከቆይታ በኋላ እንደገና ከሞከረ፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ራን ካፓሲተር ነው።

ካፓሲተሩ የኮምፕረሰሩና የፋኑ ሞተሮች ለመነሣትም ለመዞርም የሚያስፈልጋቸው፣ ጣሳ የሚመስል ዕቃ ነው። በብዙዎቹ ዩኒቶች አንዱ ለሁለቱም ያገለግላል፤ በላዩ ሲ (የጋራ)፣ ሄርም (የኮምፕረሰር) እና ፋን ተብለው የተጻፉ ሦስት መያዣዎች አሉት፤ በጎኑም 45/5 ወይም 35/5 ማይክሮፋራድ፣ እንዲሁም 370 ወይም 440 ቮልት የሚል ተጽፎበታል። ትልቁ ቁጥር የኮምፕረሰሩ፣ ትንሹ የፋኑ ነው። ሙቀት ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ በጁላይና በኦገስት ፀሐይ ሲዳከም ይከርምና መጸው ላይ ያበቃለታል። ክዳኑ ያበጠ ካፓሲተር ያለ ጥርጥር የሞተ ነው። ክዳኑ አለማበጡ ግን ለጤንነቱ ምስክር አይሆንም፤ ሲያዩት አዲስ የሚመስል፣ ሲለኩት ግማሹን እንኳ የማይሰጥ ብዙ አጋጥሞኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት ከእኔ በፊት የመጣ ቴክኒሽያን ኮምፕረሰሩ ተቃጥሏልና ዩኒቱ በሙሉ ይቀየር ብሎ የብዙ ሺህ ዶላር ዋጋ ጽፎ ሰጥቷቸው ነበር። ካፓሲተሩን ፈትቼ ስለካው 45 ሊሰጥ የሚገባው ጎን 11 ማይክሮፋራድ ብቻ ሰጠ። ሰውየው ኮምፕረሰሩን ሲለካ ከጋራው መያዣ ወደ ሁለቱም የሞተር ሽቦ ጥቅሎች ምንም ንባብ ስላላገኘ ሽቦው ተበጥሷል ብሎ ፈረደ። ነገር ግን በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ንባብ ነበር፤ ይህ ደግሞ በኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው፣ ሲግል መስመሩን የሚቆርጠው የሙቀት መከላከያ መከፈቱን እንጂ የጥቅል መበጠስን አያሳይም። መነሣት ያቃተው ኮምፕረሰር ደጋግሞ ሲታገል ይግላል፣ መከላከያውም ይከፈታል፤ ተመልሶ እስኪዘጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ እጅ የማያስነካ ትኩስ ኮምፕረሰር ላይ ፍርድ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ያ ዩኒት ሲበርድ፣ ከጥቂት አሥር ዶላሮች በማይበልጥ ካፓሲተር ተነሥቶ እስከ ዛሬ ይሠራል። ይህን ሳይለካ አዲስ ዩኒት የሚሸጥ ሰው ቤተሰብን ይጎዳልና ሁለተኛ ሰው ሳያይላችሁ አትፈርሙ እላለሁ።

ለመቀየር መጀመሪያ የውጩን ብሬከር አውርዱ፣ ከዚያም በዩኒቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ካለው ሳጥን መብራቱን የሚቆርጠውን ዲስኮኔክት ንቀሉ። ሁለቱንም አድርጉ። ለውጩ ዩኒት መብራት የሚከፍተውና የሚዘጋው ማብሪያ፣ ኮንታክተሩ፣ ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ባለ አንድ ምሰሶ ከሆነ መሣሪያው ቆሞ ሳለ እንኳ አንዱ መስመር እስከ ካፓሲተሩና ኮምፕረሰሩ ድረስ ሕያው ነው፤ ቴርሞስታቱን ማጥፋት ከሞት አያድንም። መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም ካፓሲተሩ ራሱ ያጠራቀመውን ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ከሲ ወደ ሄርም፣ ከሲ ወደ ፋን በ20,000 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር አፍስሱት፤ ቮልቱ ወደ ዜሮ መውረዱን በሜትር ሳታዩ አትንኩት። በጠመንጃ መፍቻ አገናኝቶ ማፈንዳት ብዙ ሰው የሚያደርገው መጥፎ ልማድ ነው። ሽቦዎቹን ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። የፋኑንና የኮምፕረሰሩን ሽቦ ያቀያየረ ሰው ሁለቱንም ሞተር ለአደጋ ያጋልጣል።

የአዲሱ ማይክሮፋራድ በዩኒቱ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቮልቱ ከፍ ቢል አይጎዳም፤ 440 በ370 ቦታ ይገባል፣ 370 ግን በ440 ቦታ አይገባም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ወንድም ኢንተርኔት ላይ በርካሽ ያገኘውን 35/5 በ45/5 ቦታ አስገብቶ፣ ዩኒቱ በመነሣቱ ተደስቶ ከረመ፤ ኮምፕረሰሩ ግን በየቀኑ ከሚገባው በላይ እየጋለ ነበር፤ በሙቀቱ ወራት ከቀትር በኋላ መቆም ሲጀምር ነው የተጠራሁት። ስም የለሽ ርካሽ ካፓሲተሮች ደግሞ ከካርቶናቸው እንደወጡ ሲለኩ እንኳ ከተጻፈባቸው በታች ሆነው ይገኛሉ። ሳትለኩ አዲሱንም አትግጠሙ። ከተጻፈው ከ6 በመቶ በላይ ካነሰ ለሻጩ መልሱት።

ከገጠማችሁ በኋላ በሥራ ላይ እያለ መለካት ይቻላል፤ ይህ ግን በሕያው መስመር ላይ ለመሥራት ለሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ከሄርም በሚወጣው ሽቦ ላይ ያለውን አምፒር በክላምፕ ሜትር፣ በሄርምና በሲ መካከል ያለውን ቮልት በፕሮብ ይለኩ፤ አምፒሩን በ2652 አባዝተው በቮልቱ ሲያካፍሉ ማይክሮፋራዱ ይወጣል። ለምሳሌ 6 አምፒርና 355 ቮልት 44.8 ይሰጣል፤ ይህ ለ45 ካፓሲተር ጤነኛ ነው። ቁጥር 2652 የሚሠራው በአሜሪካ 60 ኸርዝ መስመር ላይ ብቻ ነው።

ካፓሲተሩ በአጭር ጊዜ ደጋግሞ የሚሞት ከሆነ ሌላ ካፓሲተር መግዛት መፍትሄ አይደለም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ የፋኑ ሞተር ኩሽኔታ ተበልቶ አምፒሩ በሰሌዳው ላይ ከተጻፈው በላይ ሆኗል፣ ወይም ሽቦዎቹ የሚያያዙበት ጫፍ ላልቶ ይግላል። የጠቆረ ወይም የቀለጠ የሽቦ ጫፍ ካያችሁ ቆርጣችሁ በአዲስ ተኩት፤ ጨምቆ መመለስ ከሳምንት በላይ አይዘልቅም።

ሳይጠገን ለጥቂት ቀናት መቆየት ግድ ከሆነ ቴርሞስታቱን ኢመርጀንሲ ሂት ላይ አድርጉትና የውጩን ዩኒት ብሬከር አውርዱ። ሂሳቡ ያው ነው፣ ኮምፕረሰሩ ግን በከንቱ ሲታገል አይቃጠልም።

የማጉረምረም ድምፅ እንኳ ከሌለ ካፓሲተሩን ተዉትና በውጩ ዩኒት ላይ ዋይና ሲ በሚባሉት የቴርሞስታት ሽቦዎች መካከል 24 ቮልት መኖሩን ተመልከቱ። ካለና ኮንታክተሩ ካልሳበ ኮንታክተሩ ነው፤ በዚህ አካባቢ ጉንዳኖች በመጋጠሚያዎቹ መካከል ገብተው መሞታቸው የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት ውስጡን እዩ። 24 ቮልት ከሌለ ችግሩ ከቤት ውስጥ ወይም በመንገድ ላይ ካለው ሽቦ ነው። የሣር ማጨጃ የቆረጠው ሽቦ ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመሩን የሚጠብቀውን 3 ወይም 5 አምፒር ፊውዝ ያቃጥላል። ፊውዙን በትልቅ መተካት ቦርዱን ማቃጠል ነው።

ምልክት፦ የውጩ ዩኒት በበረዶ ተጋግሯል

ስስ ነጭ ውርጭ ጤነኛ ነው። መሣሪያው በየጊዜው ራሱን ያቀልጣል፤ ያን ጊዜ ፋኑ ይቆማል፣ የጋዙን አቅጣጫ የሚለውጠው መገልበጫ ቫልቭ ሲገለበጥ ከፍ ያለ ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ ከላዩም እንፋሎት ይወጣል። ይህን ጭስ መስሏቸው የደነገጡ ሰዎች ይደውሉልኛል፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ካበቃ ምንም ችግር የለበትም። የማይቀልጥ ወፍራም በረዶ ግን ብልሽት ነው። ማቅለጥ ላይ ሳይሆን ፋኑ ከቆመ መጀመሪያ የሚታየው ከላይ የተነገረው ካፓሲተር የፋን ጎን ነው፤ ኮምፕረሰሩ እየሠራ አየር ካላለፈ ዩኒቱ በአንድ ሌሊት ይጋገራል። ፋኑ ደኅና ከሆነ ከጥቅሉ (ጋዙ ከሚዞርበት የቧንቧ ጥቅል) ጋር የተያያዘው፣ ማቅለጡን የሚያስጀምረው የዲፍሮስት ሴንሰር ወይም ቦርዱ ይመርመር። ሴንሰሩ ከቧንቧው ተላቅቆ ተንጠልጥሎ የተገኘባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ መልሶ ማሰር ብቻውን ይፈታዋል። ከጣሪያ አሸንዳ የሚንጠባጠብ ውኃ በዩኒቱ ላይ ከወረደ አሸንዳው ይጠገን። በረዶው በጥቅሉ የታችኛው ክፍል ብቻ ከተከማቸና ሌላው ደረቅ ከሆነ የጋዝ ማነስ ይጠረጠራል።

በረዶውን በቢላ ወይም በመዶሻ አታንሡ። በጭራሽ አታንሡ። የጥቅሉ ቧንቧና ክንፍ ስስ ስለሆኑ አንድ ቀዳዳ ጋዙን በሙሉ ያፈሰዋል። ዲስኮኔክቱን ነቅላችሁ በአትክልት ጎማ ውኃ አቅልጡት።

ምልክት፦ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ይመስላል

ሂት ፓምፕ የሚልከው አየር ብዙውን ጊዜ ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ የሰው ሰውነት 98.6 ስለሆነ እጅ ሲዘረጋ ቀዝቃዛ ይመስላል። በቴርሞሜትር ለኩት እንጂ በእጅ አትፍረዱ። አዲስ ቴርሞስታት ከተገጠመ በኋላ በማሞቂያ ላይ እውነተኛ ቀዝቃዛ አየር ከመጣ ግን የመገልበጫውን ቫልቭ የሚያዘው የ«ኦ» እና የ«ቢ» ምርጫ ተሳስቷል። አብዛኞቹ አምራቾች «ኦ»ን ይጠቀማሉ፤ ሪምና ሩድ የተባሉት አምራቾች «ቢ»ን ይጠቀማሉ። ቴርሞስታቱ ሂት ፓምፕ መሆኑ ሳይነገረው ተራ ማሞቂያ ተብሎ ከተቀመጠም ስትሪፖቹን ብቻ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህም ወደ መጀመሪያው የሂሳብ ችግር ይመልሰናል። ማታ ሙቀቱን ብዙ ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ጠዋት በአንድ ጊዜ ከፍ የሚያደርግ ሰውም ስትሪፖቹን በየጠዋቱ ይጠራል፤ አንድ ዲግሪ ብቻ ማውረድ ይሻላል።

ምልክት፦ በሙቀቱ ወራት የውስጡ ጥቅል ይጋገራል

የአየር እጥረት ነው ወይም የጋዝ ማነስ። ቡና በየቀኑ በሚቆላበት፣ ዕጣን በሚጨስበት፣ ወጥ በሚቁላላበት ቤት ፊልተሩ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ ቀድሞ ይደፈናል፤ በየወሩ መቀየር ያስፈልጋል። አንድ ኢንች ውፍረት ያለውን ከፍተኛ ደረጃ ፊልተር መግዛትም አየሩን ያንቃል፤ ሜርቭ 8 (ሜርቭ የፊልተር የማጣራት ደረጃ ነው) ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። ቅባትና ጥላሸቱ ፊልተሩን አልፎ ጥቅሉ ላይ ከተለጠፈ ጥቅሉ ይታጠብ። ፊልተርም ጥቅልም ንጹሕ ከሆኑ ጋዙ ይለካ። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የክፍል 608 ፈቃድ የሌለው ሰው የጋዙን መስመር መክፈት ሕገ ወጥ ነው። ፈቃድ ያለውም ቢሆን የሚያፈስበትን ሳይፈልግ በየዓመቱ ጋዝ እየጨመረ የሚያስከፍላችሁ ከሆነ ሌላ ሰው ጥሩ። ከ2025 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ አዳዲስ ዩኒቶች አር-410ኤ የተባለውን ጋዝ ትተው በአር-454ቢ ወይም በአር-32 ይሠራሉ፤ እነዚህ በመጠኑ የሚቀጣጠሉ ስለሆኑ የድሮው ዓይነት አያያዝ አይሠራባቸውም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የመገልበጫው ቫልቭ ራሱ ተጣብቆ የሚቀረው እምብዛም ነው፤ ከመቀየሩ በፊት ለመጠምጠሚያው 24 ቮልት መድረሱ ይታይ። ጋዙን በልክ የሚያሳልፈው የማስፋፊያ ቫልቭ መደፈን ይኖራል፣ ግን መጨረሻ የሚጠረጠር ነው። ኮምፕረሰሩ በርዶ ሳለ ከአንዱ መያዣ ወደ መሬት ንባብ ከሰጠ በእርግጥ ሞቷል። ያኔ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የዩኒቱን ሴሪያል ቁጥር ይዛችሁ አምራቹን ጠይቁ፤ በወቅቱ ለተመዘገበ መሣሪያ ብዙ አምራቾች የ10 ዓመት የዕቃ ዋስትና ይሰጣሉ፣ የምትከፍሉትም የሠራተኛውን ዋጋ ይሆናል።