የታይፕ ፍጥነታችሁን በትክክል ለክታችሁ ታውቃላችሁ?

አብዛኛው ሰው ሲጠየቅ «እኔማ ፈጣን ነኝ» ነው የሚለው። ስንት? ሲባል ዝም።

እስቲ ከመለካቱ እንጀምር። በእንግሊዝኛ መፈተኛዎች ላይ «በደቂቃ 40 ቃል» ሲባል እንደ አንድ ቃል የሚቆጠረው 5 ምት ነው፣ ስፔስም ጭምር። በአንድ ደቂቃ 200 ምት ከመታችሁ 40 ቃል ነው ማለት ነው። ከዚያ ላይ ሳታርሙ የተዋችሁት ስህተት ይቀነሳል፤ 4 ከሆነ 36 ይቀራችኋል።

ይሄ ስሌት ለአማርኛ አይመችም። «ሰላም» ብላችሁ በፎነቲክ ኪቦርድ (አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደላት ድምፅ በሚያስጽፈው) ስትጽፉ አምስት ቁልፍ ትመታላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ሦስት ፊደል ነው የሚታየው። ፊደሉን ብቻ የሚቆጥር መፈተኛ ካጋጠማችሁ ጣታችሁ እየበረረ ውጤታችሁ ዝቅ ይላል፤ እንግሊዝኛ ከሚጽፈው ጓደኛችሁ ጋር አትወዳደሩ። ይልቅ አንድ ገጽ ጽሑፍ አስቀምጡ፣ የስልካችሁን ሰዓት ቆጣሪ 3 ደቂቃ ላይ ሙሉ፣ ጻፉ። ዎርድ ከታች የቃላቱን ብዛት የሚያሳይበትን ብትነኩት የፊደሉንም ይነግራችኋል። የፊደሉን ብዛት ለ3 አካፍሉት፣ የእናንተ መለኪያ ይሄ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ገጽ ውሰዱ፤ ያንኑ ከደገማችሁት ጣት ይሸመድደዋል።

አሁን ወደ ማሻሻሉ። መጀመሪያ ስህተቱን ቀንሱ፣ ፍጥነቱ ይደርሳል። ለምን ብትሉ፣ «ለ» ልትጽፉ «ሉ» ብትጽፉ ባክስፔስ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ሁለት የተሳሳተ ምት፣ አንድ ባክስፔስ፣ እንደገና ሁለት ምት፤ በሁለት ምት የሚያልቀው ነገር አምስት ፈጀ። ከመቶ ምት 97ቱ ወይም 98ቱ ልክ እስኪሆን ድረስ ሆን ብላችሁ ቀስ በሉ።

ሁለቱን ሌባ ጣቶች «ኤፍ» እና «ጄ» ላይ አሳርፉ። ቁልፎቹ ላይ ያለችው ጉብ ያለች ምልክት የተሠራችው ሳታዩ እንድታገኟቸው ነው። ዓይናችሁ አልሰማ ካለ እጃችሁ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። መጀመሪያ ላይ ፍጥነታችሁ ይወርዳል፣ ያናድዳል፣ ግን አትመለሱ።

ብዙ ሰው የሚጓተተው ሺፍት ላይ ነው። በብዙዎቹ ፎነቲክ ኪቦርዶች «ጥ» የሚጻፈው በሺፍትና በ«ቲ» ነው። «ቲ»ን የሚመታው ግራ እጅ ስለሆነ ሺፍቱን በቀኝ ትንሿ ጣት ያዙ። በአንድ እጅ ሁለቱንም ልያዝ ካላችሁ መዳፋችሁ ከቦታው ይነሳል፣ ቀጥሎ የምትመቱት ሁሉ ይዛባል። ጠላ፣ ጥጥ፣ ጨው፣ ጭጭ እያላችሁ ለብቻው ተለማመዱት። በቀን 15 ደቂቃ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከመታገል ይሻላል።

ለጸሐፊነት ፈተና የምትዘጋጁ ካላችሁ ደግሞ፣ መፈተኛው ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፓወር ግዕዝ ይሁን ሌላ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የ«ጸ» ቁልፍ ቦታ ከለመዳችሁት የተለየ ከሆነ ፈተናው ላይ ፍለጋ ስትገቡ ደቂቃው ያልቃል።