ብቸኛው የመኪና ቁልፍ ሲጠፋ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኪስ ተፈትሿል። ቦርሳ ተገልብጧል። የሶፋው ትራስ ተነስቶ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ቁልፉ የለም፤ ሁለተኛ ደግሞ አልነበረዎትም። መኪናው ተቆልፎ ቆሟል።

እኔም እዚህ ጣጣ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ። አዲሱ ቁልፍ ዋጋ አለው። ይበልጥ ያስወጣኝ ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በጥድፊያ የወሰንኩት ነገር ነው። ስህተቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ቁልፍ ማለት ብረት ነው ብሎ ማሰብ

ሌሎቹ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ነው። የቤት ቁልፍ ጥርሱ ከገጠመ ይከፍታል፤ በቃ። የመኪና ቁልፍ ግን ሁለት ሥራ አለው። ጥርሱ በር ይከፍታል፣ ማስነሻውን ያዞራል። የላስቲኩ ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቺፕ ተቀምጣለች። ቁልፉ ሲገባ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ “ማን ነሽ?” ብሎ ይጠይቃታል። ቺፗ የራሷ ባትሪ የላትም። ለመመለስ የሚያስፈልጋትን ኃይል የምታገኘው ከዚያው ሞገድ ነው። መልሷ መኪናው ከመዘገበው ጋር ካልገጠመ ሞተሩ አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል።

ይህ መከላከያ ኢሞቢላይዘር ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በካናዳ ደግሞ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ግዴታ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ አሮጌ መኪኖች ቺፕ የላቸውም። የእርስዎ ከነሱ አንዱ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ አንድ ጎበዝ ቁልፍ ቀራጭ ይበቃዎታል።

ቺፕ ያለው ከሆነ ግን ማስገቢያውን በካቻቢቴ ሰብሮ ለማዞር መሞከር ምንም አያመጣም። ሞተሩ አይነሳም፣ የተሰበረው ዕቃ ደግሞ ሌላ ወጪ ይሆናል። “ባትሪውን ነቅለህ መልሰህ ግጠመው፣ ይረሳዋል” የሚሉ ሰዎችም ያጋጥሙዎታል። አይረሳውም። የቁልፎቹ መዝገብ የተጻፈው ባትሪ ሲነቀል በማይጠፋ ማህደር ላይ ነው።

የቀድሞውን ባለቤት አለመጠየቅ

መኪናውን የገዙት ከሌላ ሰው ከሆነ ሁለተኛው ቁልፍ እሱ ጋር መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ሻጭ ሌላኛውን የት እንዳስቀመጠው ረስቶ መኪናውን በአንድ ቁልፍ ይሸጣል። ከሁሉ በፊት አንድ ስልክ ይደውሉ።

ለጎታች መኪና መደወል

እኔ መጀመሪያ የደወልኩት ለጎታች ነበር። መሪው ተቆልፏል፣ የፊት ጎማዎቹ ወደ አንድ ጎን ዞረዋል፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ነው። ሁለት ልጆች ላባቸው እስኪንጠባጠብ ታገሉት። ጎማው አልዞር ብሎ አስፋልቱ ላይ እየተንሻተተ፣ ጥቁር መስመር እየተወ ነው የተጫነው። ድምፁ እስካሁን ይሰቀጥጠኛል። ጋራዥ ስንደርስ የጠየቁኝ ነገር ቢኖር “ለምን አመጣኸው? ቁልፍ የሚሠራው ሰው ወደ መኪናው ይመጣ ነበር እኮ” የሚል ነው።

እውነታቸውን ነው። የመኪና ቁልፍ የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች መቅረጫ ማሽናቸውንና ፕሮግራም ማድረጊያቸውን፣ ማለትም አዲሱን ቺፕ መኪናው ላይ የሚመዘግቡበትን መሣሪያ፣ ይዘው ይንቀሳቀሳሉ። በሩን ሳይጎዱ ይከፍታሉ፣ ጥርሱን ከበሩ ቁልፍ ማስገቢያ ላይ ያነባሉ፣ እዚያው ይቀርጻሉ። ማስጎተት የግድ ከሆነ ደግሞ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ጀርባው ላይ የሚጭን ይጠይቁ። በተለይ አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ሁለቱ መሬት ላይ ሆነው ከተጎተተ የኃይል ማስተላለፊያው ሊጎዳ ይችላል።

ቁጥር ሳይዙ መደወል

ቁልፍ ሠሪው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ሞዴሉን፣ የተሠራበትን ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩን ነው። ሊብሬው ላይ አለ። ሊብሬው መኪናው ውስጥ ከተቆለፈ የፊት መስታወቱን ታችኛ ጥግ በውጭ በኩል ይመልከቱ፤ በብዙ መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

ሲያነቡት ይጠንቀቁ። ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ሆን ተብሎ አይገቡበትም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ነው። ስለዚህ ክብ ነገር ካዩ ዜሮ ነው። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ደግሞ አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላቸው፤ 17 አልሞላም ብለው አይደናገጡ። በቃል ከመንገር ፎቶ አንስቶ መላክ ይሻላል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ የሌላ መኪና ቁልፍ ተቀርጾ ይመጣል።

መታወቂያና የባለቤትነት ማስረጃም ያዘጋጁ። ምንም ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚሠራልዎት ሰው ለሌባም እንዲሁ ይሠራል። እንደዚህ ያለውን ቢያልፉት ይሻላል።

“ስንት ነው?” ብሎ ብቻ መጠየቅ

በስልክ የሚነገር ዋጋ ብዙ ጊዜ የአንዱ ክፍል ዋጋ ነው። አንዱ የብረቱን ይነግርዎታል፣ ሌላው የብረቱንና የቺፑን፣ ሦስተኛው ሁሉንም። ርካሽ የመሰለው ሥራው ሲያልቅ ውድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ መምጫው፣ በር መክፈቻው፣ መቅረጹ፣ ቺፑ፣ ፕሮግራሙ ሁሉ ተደምሮ ስንት ነው? ሪሞቱ አለበት? ሞተሩ ካልተነሳ እከፍላለሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ከሌለው ቀብድ አይስጡ። ኢንሹራንስዎ ሙሉ ሽፋን ከሆነም ከመክፈልዎ በፊት ውሉን ያንብቡ፤ የቁልፍ መጥፋትን የሚሸፍኑ አሉ።

ያገለገለ ቁልፍ ከኢንተርኔት ማዘዝ

ፎቶው ከእርስዎ ቁልፍ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ዋጋው ግማሽ ነው። ግን ብዙ ቺፖች አንዴ ለአንድ መኪና ከተመዘገቡ ይቆለፋሉ፤ ሌላ መኪና አይቀበላቸውም። ሪሞቱም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ በ315 ሜጋኸርዝ፣ ሌላው በ433 ሜጋኸርዝ ይሠራል። ቅርፊታቸው አንድ ሆኖ አይግባቡም። ራስዎ መግዛት ካለብዎት አዲስ ይሁን፤ የሚገዙትን ዓይነት ደግሞ ፕሮግራም የሚያደርግልዎት ሰው ይንገርዎት።

እግረ መንገድ አንድ ነገር፦ ቁልፍዎ የተሰበረ እንጂ የጠፋ ካልሆነ ስብርባሪውን አይጣሉ። ሰው አዲስ ቅርፊት ገዝቶ አሮጌውን ሲጥል ቺፗን አብሮ ይጥላታል። የላስቲኩ ጥግ ውስጥ ተለጥፋ ትቀራለችና ፈልፍለው ያውጧት። የሪሞት ባትሪ ያለቀበት ቁልፍም የሞተ ቁልፍ አይደለም። በቁልፍ የሚነሳ መኪና ያለ ሪሞት ባትሪ ይነሳል። አዝራር ተጭነው የሚያስነሱት ብዙ መኪናም ሪሞቱን ማስነሻው ላይ ሲያስጠጉት ያውቀዋል።

በደከመ ባትሪ ፕሮግራም ማስደረግ

መኪናው ሳይነሳ ሰንብቶ ከሆነ ባትሪው ወርዶ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራም ሲደረግ መሐል ላይ ኃይል ከተቋረጠ የመኪናው ኮምፒውተር ሊበላሽ ይችላል። ቻርጀር ይሰካበት። ሠራተኛው “ግድ የለም” ቢልዎት እንኳ አጥብቀው ይጠይቁ።

አንድ ብቻ ማሠራት

በጣም የማዝነው ሰዎች ይህን ሲሠሩ ሳይ ነው። ያን ሁሉ ተንከራተው፣ ያን ሁሉ ከፍለው፣ እንደገና በአንድ ቁልፍ ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ከባዱ ሥራ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ሁሉም ሲጠፋ ሠራተኛው የምስጢር ኮዱን ከመኪናው ማውጣት ወይም ከአምራቹ ማግኘት አለበት። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የተሠሩ አንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ ደግሞ አዲስ ቁልፍ ማስመዝገብ የሚችለው ጥቁሩ ዋና ቁልፍ ብቻ ነው። ግራጫው ይነዳል እንጂ አያስመዘግብም። ጥቁሮቹ ካለቁ ኮምፒውተሩ ራሱ መቀየር ወይም እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት።

አንዴ ያ በር ከተከፈተ በኋላ ሁለተኛውን ቁልፍ ማስገባት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሰውየው መጥቷል፣ ማሽኑ ተሰክቷል። እዚያው ቆመው ሁለተኛ ያሠሩ። በአንዳንድ የፎርድ ሞዴሎች ሁለት የሚሠሩ ቁልፎች ካሉዎት ሦስተኛውን ያለማንም እርዳታ ራስዎ ማስመዝገብ ይችላሉ። አንድ ብቻ ካለዎት ግን አይችሉም። ሁለተኛውን ታዲያ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ቀለበት አያንጠልጥሉት።

የጠፋውን ሳያስሰርዙ መሄድ

የጠፋው ቁልፍ ማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። መኪናው ከመዝገቡ እንዲሰርዘው ይጠይቁ፤ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበም በመሣሪያው ላይ ያሳዩዎት። የተሰረዘ ቁልፍ ሞተር አያስነሳም። ጥርሱ ግን በር መክፈቱን ይቀጥላል። የጠፋው ከአድራሻዎ ጋር በቦርሳ ከሆነ፣ ወይም መሰረቁን ካወቁ፣ የበሩን መቆለፊያ ጭምር ማስቀየር ያስፈልጋል።

የእኔ ቁልፍ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተገኘ። የካፖርቴ ኪስ ተቀዶ ኖሮ በገበሩ ውስጥ ሾልኮ ጫፉ ላይ ወርዷል። ሄጄ ሞከርኩት። በሩን ከፈተልኝ። ሳዞረው የኢሞቢላይዘሩ ቀይ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም አለ እንጂ ሞተሩ አልተነሳም። አልጣልኩትም፤ ለሠራልኝ ሰው ደወልኩ። ቺፗ ደህና ስለነበረች መልሶ መዘገባት። አሁን እህቴ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።