ከረጢቱ ተሰቅሎ ጥንዚዛው ለምን ገባ?

የማወራው ስለ ቨርቤኖን ነው። የሰሜን አሜሪካን ምዕራባዊ ደኖች የሚፈጀውን የተራራ ጥድ ጥንዚዛ ለማራቅ፣ በትንሽ ከረጢት ተደርጎ ግንድ ላይ የሚሰቀለው ኬሚካል። ቅርፊት ሥር ጥንዚዛ ሲበዛ ይህ ሽታ ይበረታል። ለሚመጡት «እዚህ ሞልቷል፣ ሌላ ፈልጉ» እንደማለት ነው። እኛ ያንኑ ሽታ ቀድመን ጤነኛ ዛፍ ላይ እንሰቅላለን። ቨርቤኖን ጥንዚዛ አይገድልም። ይህችን ያዙልኝ፤ ከታች ያለው ጣጣ አብዛኛው እሷን ከመርሳት የሚመጣ ነው።

ምልክት፦ ከረጢት የተሰቀለበት ዛፍ ቀልቶ ሞተ።

ምክንያት፦ ከረጢቱ ሲሰቀል ጥንዚዛው ውስጥ ነበር። ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያየሁት ይህን ነው። ጥንዚዛው በበጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ ገደማ ይገባል። ዛፉ ግን እስከ ቀጣዩ ፀደይ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ቅጠሉ ሲቀላ ዛፉ ከሞተ ቆይቷል።

አንድ ሰውዬ «ኬሚካሉ ውሸት ነው» ብሎ በንዴት ጠራኝ። በግንቦት አራት ጥዶች ላይ ሰቅሏል፤ በሐምሌ አራቱም ቀሉ። ሄጄ አየሁ። አንዱን ከረጢት በስቴፕለር የመታው ካረጀ የሙጫ ጉብታ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነው። ቅርፊቱን በቢላ ፈልቀቅ ሳደርገው ከሥሩ ያለው እንጨት ሰማያዊ ሆኗል። ይህ ቀለም ጥንዚዛው ይዞት ከሚገባው ፈንገስ የሚመጣ ነው። ያለፈው ዓመት ጥቃት ነበር። ሰውዬው አንዱንም ግንድ ዞሮ አላየም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር! ያ ሁሉ ድካምና ገንዘብ በሞተ ዛፍ ላይ ሲባክን ማየት ያንገበግበኛል።

መፍትሄ፦ ከመስቀላችሁ በፊት ግንዱን ዙሩት። ፈንዲሻ የሚመስሉ የሙጫ ጉብታዎች አሉ? ቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥና ሥሩ ዙሪያ የደቀቀ ሰጋቱራ አለ? ግንደ ቆርቁር ቅርፊቱን ልጦታል? በድርቅ የተጎዳ ዛፍ ሙጫ ላያወጣ ይችላል፤ ያኔ ሰጋቱራው ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ከተጠራጠራችሁ ትንሽ ቦታ በቢላ ክፈቱ። ጤነኛው ልጥ እርጥብና ነጣ ያለ ነው። የተያዘው ላይ ወደ ላይ የሚሄድ ቦይና እግር የሌላቸው ነጫጭ እጮች ታያላችሁ። ዛፉን ዙሪያውን እንዳትልጡት፤ እናንተው ትገድሉታላችሁ።

ጉብታዎቹ ጥቂት፣ ነጫጭና ሰጋቱራ የሌለባቸው ከሆኑ ዛፉ ጥንዚዛውን በሙጫው ገፍቶት ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ ስቀሉ። ግንዱ ዙሪያውን ከተበሳ ግን ቁረጡት። አዲሶቹ ጥንዚዛዎች ከመብረራቸው በፊት ከቦታው ይውጣ፤ ካልሆነ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ ይላጥ።

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ፦ የተቆረጠውን ግንድ ጤነኞቹ ጥዶች መሃል አትከምሩ። ሁሉን በትክክል ሠርታ፣ መጨረሻ ላይ ግንዱን ለማገዶ ብላ እዚያው የደረደረች ሴት አውቃለሁ። ጥንዚዛው ከክምሩ ወጥቶ አጠገቡ ያሉትን ያዘ። ከረጢቶቹ ያን ያህል መንጋ ከአሥር እርምጃ ላይ ሊመልሱ አልቻሉም።

ምልክት፦ ዛፉ ሲሰቀል ንጹሕ ነበር፣ በነሐሴ ግን ተበሳ።

ምክንያት፦ ወይ ዘግይታችኋል፣ ወይ ፀሐይ በልቶታል፣ ወይ ከረጢቱ ባዶ ነው። ቨርቤኖን ብርሃን ሲመታው ወደ ሌላ ውህድ ይለወጣል፣ ሥራውንም ያቆማል። ሙቀት ደግሞ ቶሎ ያስተነዋል።

መፍትሄ፦ በሰኔ፣ በረራው ሳይጀመር ስቀሉ። በሰሜናዊው የግንዱ ጎን፣ ጥላው ላይ፣ እጃችሁ የደረሰበት ከፍታ ድረስ። ባለ 7 ግራሙ ከሆነ ለአንድ ዛፍ የተለመደው 2 ነው፤ መለያው ላይ የተጻፈው ግን ይቀድማል። በጋው አጋማሽ ላይ ተመልሳችሁ ዳስሱት፣ ከደረቀ ቀይሩ። ስቴፕሉ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ይያዝ። ሆዱን ከወጋችሁት ፈሳሹ በአንዴ ያልቃል። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን አትንኩ። የተረፈውን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩ እንጂ መኪና ውስጥ አትርሱት። ስንት ግራም እንደያዘ ያልተጻፈበትን ርካሽ ከረጢት ደግሞ አትግዙ። ስንት እንደምትሰቅሉ በምን ታውቃላችሁ?

ምልክት፦ ከረጢቱ ላይ «ኤምሲኤች» ይላል።

እሱ ዳግላስ ፈር የሚባለውን ሌላ ዛፍ ለሚያጠቃ ጥንዚዛ ነው። ጥዳችሁን ከዚህኛው አይጠብቅም።

ምልክት፦ ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል።

ብዙ ጊዜ አይፕስ የሚባለው ትንሹ ጥንዚዛ ነው። በቨርቤኖን አትመኩ። አዲስ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ይስበዋልና አጽዱ፤ ድርቅ ከሆነ ዛፉን አጠጡ።

ምልክት፦ በዙሪያችሁ ያለው ደን በሙሉ እየቀላ ነው።

ወረርሽኙ ሲበረታ ሽታ ብቻውን አይችለውም። በጣም ለምትሳሱለት ዛፍ የሚቀረው ግንዱ ላይ የሚረጭ ፀረ ተባይ ነው፦ ካርባሪል፣ ፐርሜትሪን ወይም ቢፌንትሪን። ከበረራ በፊት፣ ግንዱ ሳስቶ 12 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ ወደ ላይ መረጨት አለበት። ይህ በእጅ ፓምፕ የሚሆን አይደለም፤ ፈቃድና ማሽን ያለው ባለሙያ አስመጡ። የተያዘውን ዛፍ ይህም አያድነውም። ዛፉ ወንዝ ወይም ኩሬ ዳር ከሆነ ጨርሶ አታስረጩ። ፐርሜትሪንና ቢፌንትሪን ዓሣ ይፈጃሉ።