ደብረ ሊባኖስ መቃብር ስትሄዱ

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማልዳችሁ ድረሱ፤ ጭጋጉ ከገደሉ ሳይነሳ መቃብሩ ሌላ መልክ አለው። ነጠላ ያዙ፤ ሴቶች ረዘም ያለ ቀሚስ ልበሱ።

አያቴ እዚያ ነው ያረፉት። ስደርስ ነጠላዬን መስቀልያ አጣፍቼ ጧፍ አበራለሁ። መቃብር ላይ አትቀመጡ። የደበዘዘ ጽሑፍ ካያችሁ በእጃችሁ አትፈትጉት፤ የጠዋት ፀሐይ በጎን ሲመታው ፊደሉ ራሱ ብቅ ይላል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን አስፈቅዱ።

በግንቦት 1929 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን የገዳሙን መነኮሳትና ምዕመናን ጨፍጭፏል። እባካችሁ፣ እነሱን ሳታስቡ አትመለሱ።

ጊዜ ካላችሁ ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ዋሻ ውጡ። አቀበት ነው፤ ጥሩ ጫማ አድርጉ።