ዝርያ ቀላቅለው ሲዘሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥቁሩን ዳጉሳ ከነጩ፣ ቀዩን ጤፍ ከነጩ ጋር መዝራት በጣና ዙሪያ የቆየ ልማድ ነው። ክረምቱ አንዱን ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አቀላቀሉ ላይ ነው።

1. ለብቻው ብዙ የሚሰጠው በድብልቅም ይበረታል ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄኛው ነው። በካሊፎርኒያ ዴቪስ አራት የገብስ ዝርያዎች እኩል ተቀላቅለው ተዘሩ፤ በየዓመቱ የታጨደው ተመልሶ ዘር እየሆነ ቀጠለ። ቮን የተባለው ዝርያ ለብቻው ሲዘራ ጥሩ ምርት የሚሰጥ ነበር፤ ከ16 ዓመት በኋላ ግን ከድብልቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ማሳውን የወረሰው አትላስ ነው፣ ያውም በቅጠል በሽታ በቀላሉ የሚጠቃው።

ጎረቤቱን በጥላና በሥር የሚጋፋ ተክል ፍሬ ላይ የግድ አይበረታም። ነሐሴ ላይ ማሳው ውስጥ ገብታችሁ ሰብሉን በእጅ ገለጥ አድርጉት፦ ረጅሙ ከላይ ቅጠሉን ዘርግቷል፤ አጭሩ ከሥር አገዳው ቀጥኖ፣ የታች ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ረጅሙ ከጋሸበ ደግሞ አጭሩንም ይዞት ይተኛል።

2. ከአውድማው ዘግኖ ለከርሞ ዘር ማስቀመጥ

ከላይ ያለው ታሪክ በእናንተም ማሳ ይደገማል፤ ድብልቁ በየዓመቱ ወደ አንዱ ያደላል። ጤፍ፣ ሩዝና ስንዴ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ እያንዳንዱን ዝርያ በትንሽ መደብ ለብቻ ማቆየት አይከብድም። ከዚያ በዘር ሰሞን እንደገና መቀላቀል ነው። በቆሎና ኑግ ላይ ይሄ አይሠራም፤ የአንዱን ብናኝ ለሌላው ነፋስና ንብ ያደርሱታል።

3. በኪሎ እኩል መዝኖ «ግማሽ በግማሽ ነው» ማለት

የአንዱ ስንዴ ሺህ ፍሬ 45 ግራም፣ የሌላው 30 ግራም ቢመዝን፣ በኪሎ እኩል ስትቀላቅሉ ደቃቁ በቁጥር ሦስት ለሁለት ይበልጣል። ውድድሩን ገና ሳይበቅል መርቶ ጀመረ ማለት ነው።

4. የመድረሻ ጊዜያቸውን አለማየት

ቀዳሚው ሲረግፍ ተከታዩ እሸት ከሆነ የትኛውን ታጭዳላችሁ?

5. ገበያውን መርሳት

ማኛ ጤፍ ከቀይ ጋር ከተቀላቀለ ሰርገኛ ነው፤ ዋጋውም የሰርገኛ። ረጅምና አጭር ፍሬ ያለው ሩዝ አብሮ ወፍጮ ከገባ ስባሪው ይበዛል።

6. በአንድ በሽታ አብረው የሚወድቁትን ማጣመር

በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ አገር ሲያዳርስ ኩብሳም ጋላማም የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች ተመቱ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ምን ይጠቀም ነበር? አንዱ ሲታመም ሌላው የሚቆም መሆን አለበት። በቻይና ዩናን ብላስት በሚባል የሩዝ በሽታ የሚጠቃውን ረጅም ሩዝ በሽታውን በሚቋቋም አጭር ሩዝ መሐል በመስመር ተከሉት። ረጅሙ ለብቻው ከተተከለው ጋር ሲነጻጸር የበሽታው ጉዳት በ94 በመቶ ቀነሰ፣ ምርቱም በ89 በመቶ ጨመረ።

ፎገራ ላይ ብዙው ሩዝ በብተና ስለሚዘራ ይሄ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ለሙከራ ግን ከማሳው ጥግ ትንሽ ቦታ ይበቃል፦ አራት መስመር አጭሩን፣ አንድ መስመር ረጅሙን። ሲደርስ መስመር መስመሩን እየለዩ ማጨድ ስለሚቻል ወፍጮ ቤትም ሳይቀላቀል ይገባል።